የላፕቶፕ ስክሪን ቀለም ለማስተካከል፦ በዓይን፣ በመሣሪያ ወይስ ስክሪኑን መቀየር?

ጥር ላይ አንድ የሰርግ አልበም ኤዲት አድርጌ ለኅትመት ላክሁ። ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ እናት ነጠላ ቅቤ የነካው መስሏል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ግን ጥርት ያለ ነጭ ነበር። ነገሩ ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ስክሪኔ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጠላው ሰማያዊ ሲመስለኝ ቢጫ ጨመርኩበት፣ ወረቀቱ ደግሞ የጨመርኩትን ቢጫ አንድም ሳያስቀር አወጣው። አልበሙን በራሴ ወጪ ዳግም አሳተምኩ። ከዚያ ወዲህ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለችው የጋራ ቢሯችን ሦስት ሆነን ያሉትን መንገዶች በየተራ ሞክረናል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ያላችሁን ስክሪን እወቁ። ካሊብሬት ማድረግ፣ ማለትም የስክሪኑን ቀለም ወደ ትክክለኛው ማስተካከል፣ ስክሪኑ የሌለውን ቀለም አይፈጥርለትም። በላፕቶፑ መግለጫ ላይ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚል ካያችሁ (ኤንቲኤስሲ ስክሪን ምን ያህል ቀለም እንደሚያሳይ የሚለካበት የድሮ የቴሌቪዥን መስፈርት ነው)፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን መደበኛ የቀለም ክልል ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም ማለት ነው። «72 በመቶ» ካለ ኤስአርጂቢን ሊሞላው ይቀርባል። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ መግለጫ አታገኙ ይሆናል። ያኔ የሰው ፊት ያለበት ፎቶ ክፈቱና ስክሪኑን ወደ ኋላ ገፋ፣ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት። ፊቱ አንዴ እየጠቆረ አንዴ እየነጣ ከሄደ ቲኤን ፓነል ነው፣ ማለትም የምታዩበት አቅጣጫ ሲለወጥ ቀለሙም የሚለወጥ የስክሪን ዓይነት። እንዲህ ላለው ስክሪን መለኪያ መሣሪያ አትግዙ፤ ገንዘቡን አይፒኤስ የሚባለው፣ ከጎን ሲታይ ቀለሙ እምብዛም የማይለወጥ ስክሪን ላለው ላፕቶፕ ወይም ለውጭ ሞኒተር አቆዩት።

ስክሪኑ ደህና ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ነፃ ነው። ዊንዶውስ ከ7 ጀምሮ የራሱ ማስተካከያ አለው፤ መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ calibrate ብላችሁ ስትጽፉ ይመጣል። መጀመሪያ ጋማን፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ብርሃን የሚጨምርበትን መንገድ፣ ያስተካክላል፦ መሐላቸው ላይ ትንንሽ ነጥብ ያለባቸው ክቦች ያሳያችሁና ነጥቦቹ ከክቡ ጋር እስኪመሳሰሉ ድረስ ማንሸራተቻውን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። መጨረሻ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ እየነካካችሁ ግራጫውን እውነተኛ ግራጫ ለማድረግ ትሞክራላችሁ። የጋማው ክፍል ይጠቅማል፣ ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ፀጉር ከጀርባው ተለይቶ መታየት ይጀምራል። ግራጫው ላይ ግን ዓይን ያታልላል። ሰማያዊ ያለበትን ነጭ ጥቂት ደቂቃ ስታዩት ዓይናችሁ ይለምደውና ነጭ ይሆንባችኋል። እኛ አንዱን ላፕቶፕ ሦስታችንም በየተራ አስተካክለነው ሦስት ዓይነት ነጭ አወጣን። ሥራችሁ ስልክ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ለቴሌግራም ለቲክቶክ ከሆነ፣ ይህ ይበቃችኋል።

የሌላ ሰው ፕሮፋይል፣ ማለትም ለሌላ ስክሪን የተሠራ የቀለም ማስተካከያ ፋይል፣ አውርዶ መጫንን አልመክርም። አንድ ሞዴል ላፕቶፕ ከተለያየ ፋብሪካ በመጡ ፓነሎች ሊገጣጠም ይችላል፣ አንድ ዓይነት ፓነልም ከዕድሜው ጋር ይለወጣል።

የሚታተም ሥራ የምትሠሩ ከሆነ፣ አልበም ይሁን ባነር ወይም የመጽሐፍ ሽፋን፣ ኮሎሪሜትር የሚባል የቀለም መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ቡጢ የምታክል መሣሪያ ናት፤ በዩኤስቢ ትሰካና ስክሪኑ ላይ ትንጠለጠላለች። ፕሮግራሙ የተለያየ ቀለም ያሳያል፣ እሷ ትለካለች፣ በታየውና መታየት በነበረበት መካከል ያለው ልዩነት ፕሮፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ለኅትመት ሥራ የተለመደው ግብ 6500 ኬልቪን ነጭ (ኬልቪን ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚነግር መለኪያ ነው)፣ ጋማ 2.2 እና ወደ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር የሚጠጋ ብራይትነስ ነው። እኛን በጣም ያስደነገጠን የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሦስታችንም ከዚያ እጅግ አብርተን ነበር የምንሠራው። «ፎቶዬ ታትሞ ሲመጣ ጠቆረ» የሚባለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

በብዛት የሚገኙት የዳታከለር ስፓይደርና የካሊብራይት መሣሪያዎች ናቸው። ካሊብራይት የኤክስ-ራይትን የፎቶግራፍ መሣሪያዎች ከ2021 ጀምሮ የያዘ ድርጅት ነው፣ ስለዚህ የድሮው የኤክስ-ራይት መለኪያ፣ አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮ፣ ዘመዱ ነው። አዲስ ከሆኑ ለላፕቶፕ የፎቶ ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ርካሹን ያዙ ብል አላፍርም። ልዩነት የሚመጣው ያገለገለ ሲገዛ ነው። የቆዩ ስፓይደሮች ውስጥ ያለው የቀለም ማጣሪያ በዕድሜና በእርጥበት ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ ስህተቱን በልበ ሙሉነት ነው የሚነግራችሁ። ያገለገለ ከሆነ እኔ አይዋን ዲስፕሌይ ፕሮን እመርጣለሁ። ፕሮግራሙ አብሮት ባይኖር እንኳ ዲስፕሌይካል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያሠራዋል። የትኛውንም ብትይዙ ግን የስክሪናችሁን ዓይነት በትክክል ምረጡለት፤ ኦኤልኢዲውን (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበትን ስክሪን) ተራ ኤልኢዲ ብላችሁ ካስለካችሁ ነጩ ይዛባል።

ዋጋው ለብቻ ይከብዳል። እኛ ለሦስት አዋጥተን ገዛን፣ በወር አንድ ቀን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። በየወሩ የምትሠራው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ጎረቤት ያለ ፎቶ ቤት ወይም ዲዛይነር ካለ አብሮ መግዛቱ ያዋጣል።

ማክቡክ ያላችሁ ብዙ አትቸኩሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ነጩ ደህና ነው፤ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ገጽ ለሙከራ አሳትሙና ከዚያ ወስኑ።

ልኬቱን የሚያበላሹ የኛ ሰፈር ነገሮችም አሉ። መስኮታችን ቁልቁል ወደ ለገሃር ያያል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ናት። ስለዚህ መጋረጃ ዘግተን ነው የምንለካው፣ ስክሪኑም አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆያል። ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደው ናይት ላይትና ብርሃኑን በራሱ የሚለዋውጠው አውቶ ብራይትነስ ይጠፋሉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ኃይል ለመቆጠብ የምስሉን ብርሃንና ንፅፅር በራሳቸው ይለዋውጣሉ። የኢንቴል ግራፊክስ ከሆነ በራሱ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይህን ማጥፋት ይቻላል። እስካላጠፋችሁት ድረስ ያስለካችሁት ቀለም ቻርጀሩ ሲነቀል አብሮ ይሄዳል፤ እኔ ማጥፋት እንደሚቻል እስካውቅ ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር የቆዳ ቀለም አልነካም ነበር።