የፒኤስኤ ክትትል ምርመራ፦ መርፌው ቀላል፣ ወረቀቱ አስደንጋጭ

ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚታዘዘው የፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን) ምርመራ ራሱ አያስቸግርም፤ ከክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል፣ ጾም መዋልም አያስፈልግም። ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ውጤቱን ሲጠብቅ ነው፤ የላቦራቶሪዎቹ ወረቀትም ጭንቀቱን ያባብሳል።

ከውጤቱ ጎን የሚታተመው «መደበኛ 0–4» (በናኖግራም በሚሊ ሊትር) ፕሮስቴታቸው ላልታከመ ነው። ፕሮስቴታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው አባት የሚጠበቅባቸው ከ0.1 በታች ነው፤ 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ሐኪም እንደ ማገርሸት ያየዋል። በጨረር የታከሙ ግን ዜሮ አይጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በራሱ ሊወርድ ይችላል፤ አሳሳቢው ከደረሰበት ዝቅተኛ ነጥብ በ2 ሲጨምር ነው።

ትልቁ ስህተት ላቦራቶሪ መቀያየር ነው። አንዱ ማሽን «<0.1» ብሎ ያቆማል፣ ሌላው 0.04 ብሎ ይጽፋል፤ ያልጨመረው የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ይጽኑ፣ የቀድሞ ወረቀቶችንም ይያዙ። የሽንት ኢንፌክሽን ካለ፣ በተለይ ፕሮስቴቱ ላልወጣ፣ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ደሙን ከቀጠሮው ሁለት ሦስት ቀን በፊት መስጠት ይሻላል፤ ጥበቃው ያጥራል። ዓርብ ማታ በስልክ የሚላክ ውጤት ግን ሐኪም በማይገኝበት ሰዓት ስለሚደርስ አንመክረውም።