አንቴናዎቻችንን ለመረመረልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው የአማተር ሬዲዮ ክለባችንን አንቴናዎች በእጅ በሚያዝ የአንቴና መለኪያ (አናላይዘር) አንድ በአንድ ፈትሾ ላስተካከለልን ወንድማችን ነው። ስምና ስልክ አናወጣም፤ የምንጠቁመው አሠራሩን ነው። እንደሱ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት። ካላገኛችሁ ደግሞ መሣሪያውን ገዝታችሁ ወይም ተውሳችሁ አካሄዱን ተከተሉ። የተደበቀ ጥበብ የለበትም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ትልቁን ሥራ የሠራው በ145 ሜጋኸርዙ አንቴና ላይ ነው። ከታች፣ ሬዲዮው ጋ ሲለካ ኤስ ደብልዩ አሩ (ምን ያህል ሞገድ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚናገረው ቁጥር፤ ምንም ካልተመለሰ 1.0 ነው) 1.5 ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ካየ መሣሪያውን አጥፍቶ ይሄዳል። እሱ ግን «ኬብሉ ምን ዓይነት ነው? ርዝመቱስ?» ብሎ ጠየቀ። 30 ሜትር አርጂ 58፣ ቀጭኑ የሬዲዮ ኬብል። ይህን ሲሰማ አንቴናውን ከኬብሉ ነቅሎ የላይኛውን ጫፍ ባዶውን ተወው። አናላይዘሩ 1.7 አነበበ። ጫፉ ላይ ምንም ሳይኖር ማለት ነው!

ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። በዚህ ፍሪኩዌንሲ 30 ሜትር አርጂ 58 በአንድ ጉዞ 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ገደማ ይበላል፤ ከኃይሉ ሩቡ ብቻ ይተርፋል ማለት ነው። ሞገዱ ሲወጣ 6 ዲቢ ያጣል፣ ከባዶው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ሲወርድ ሌላ 6 ዲቢ ያጣል። ታች የሚደርሰው 12 ዲቢ ደክሞ ነው፤ 12 ዲቢ ሪተርን ሎስ (ተመላሹ ሞገድ ከተላከው የደከመበት መጠን) ደግሞ ኤስ ደብልዩ አር 1.67 ማለት ነው። ሬዲዮው «አንቴናው ጥሩ ነው» የሚለው ኬብሉ ተመላሹን ሞገድ ስለዋጠለት ነው። አንቴናው ተገጥሞ የተነበበውን 1.5 በዚሁ መንገድ ወደ ላይ ስንመልሰው፣ (1.5 ማለት 14 ዲቢ ሪተርን ሎስ ነው) 14 ዲቢ ሲቀነስ 12 ዲቢ፣ አንቴናው ጋ የሚቀረው 2 ዲቢ ብቻ ነው። ይህ ኤስ ደብልዩ አር 9 ገደማ ነው። ታች 1.5፣ ላይ 9! ኮኔክተሩ ሲከፈት ውኃ ገብቶበት፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የውጭ መዳብ ጠቁሮ፣ የመሃሉ ፒን በብየዳ ሳይያዝ ዝም ብሎ ተሰክቶ ተገኘ።

እዚህ ላይ የሚያስመሰግነው ብልሽቱን ማግኘቱ ብቻ አይደለም። ኮኔክተሩ ከተቀየረ በኋላም ቢሆን ከ40 ዋት ውስጥ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 10 ዋት ገደማ እንደሆነ ነግሮ ኬብሉን አስቀየረ። በዚሁ ርዝመት አርጂ 213 ቢሆን ኪሳራው ከ3 ዲቢ ያንሳል፤ 10 ሚሊሜትር የሚወፍረው፣ ውስጡ አረፋ የሆነው ዓይነት ደግሞ ወደ 1.5 ዲቢ ይወርዳል። እናንተም የኬብላችሁን ኪሳራ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። የሩቁን ጫፍ ክፍት ተዉት፣ ሪተርን ሎሱን በዲቢ አንብቡ፣ ለሁለት አካፍሉ። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ አንዴ ክፍት፣ አንዴ ሾርት አድርጋችሁ (የመሃሉን ከውጭው ጋር አገናኝታችሁ) የሁለቱን አማካይ ብትወስዱ ቁጥሩ ይበልጥ ይታመናል።

የኬብል ርዝመትም በዚሁ መሣሪያ ይለካል። ጫፉ ክፍት የሆነ ኬብል ሪአክታንሱ (ኃይል ሳይበላ ሞገዱን የሚገታው የኦም ክፍል) መጀመሪያ ዜሮ የሚሆነው ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ በሚሆንበት ፍሪኩዌንሲ ነው። 75ን በኬብሉ የፍጥነት መጠን (ሞገዱ በኬብሉ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ስንት እጁን እንደሚሄድ) ታባዛላችሁ፣ ባነበባችሁት ሜጋኸርዝ ታካፍላላችሁ፣ ሜትሩ ይወጣል። ውስጡ ድፍን ፖሊኢትሊን ለሆነው ለአርጂ 58 እና ለአርጂ 213 የፍጥነት መጠኑ 0.66 ነው። ስለዚህ 30 ሜትር ኬብል 1.65 ሜጋኸርዝ ላይ ዜሮ ማሳየት አለበት። 2.2 ላይ ካሳየ ኬብሉ 22.5 ሜትር አካባቢ ተበጥሷል፤ ሙሉውን ከማውረድ በፊት እዚያ ቦታ ላይ መዳሰስ ነው።

ካሊብሬሽን (ከመለካት በፊት መሣሪያውን በታወቀ ነገር ማረም) ላይ እንደሱ የሚጨነቅ አላየንም። ናኖ ቪኤንኤ የሚባለውን ትንሽ አናላይዘር ይዞ ነው የሚሠራው፤ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። መጀመሪያ የፍሪኩዌንሲውን ስፋት ይወስናል። ከዚያ የድሮውን ካሊብሬሽን በሪሴት ያጠፋል፤ ይህን የዘለለ ሰው አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርብና ሲደናገር ይውላል። ቀጥሎ ክፍቱን፣ ሾርቱን፣ 50 ኦሙን ሎድ በየተራ ይገጥማል፣ ያስቀምጣል። ለአንቴና ብቻ ከሆነ በመሣሪያው ሁለት መሰኪያዎች መካከል የሚደረገው ካሊብሬሽን አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ ሎዱን ሳይነቅል ኤስ ደብልዩ አሩ 1.0 መሆኑን ያያል፤ ሎዱን ሲነቅል ክብ በሆነው የስሚዝ ቻርት ሥዕል ላይ ነጥቡ ቀኝ ጠርዝ፣ ሾርቱን ሲገጥም ግራ ጠርዝ መቀመጥ አለበት። ነጥቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ካሊብሬሽኑ የሚደረገው መለካት በምትፈልጉበት ቦታ ላይ ነው። በመሣሪያውና በአንቴናው መካከል አጭር ማገናኛ ኬብል ካለ፣ ክፍቱ፣ ሾርቱና ሎዱ የሚገጠሙት በማገናኛው ጫፍ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አይደለም። የፍሪኩዌንሲው ስፋት በተቀየረ ቁጥርም እንደገና ነው። ያቺን ትንሽ የኤስኤምኤ ኮኔክተር ስትገጥሙ ደግሞ ገላዋን ይዛችሁ ዳዶዋን ብቻ አዙሩ፤ ገላው ከዞረ የመሃሉ ፒን እየተፋቀ ያልቃል። ከባድ ኬብል በቀጥታ አትስቀሉባት፤ ማገናኛ ኬብሉ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

መሣሪያውን ከመሰካቱ በፊት የሚያደርገውን ሁሉም ሰው ቢለምደው ብዙ አናላይዘር ከሞት ይተርፋል። ረጅም ሽቦ በደረቅ ነፋስ ብቻ እንኳ ቻርጅ ይይዛል። ስለዚህ የኬብሉን የመሃል ፒን ከውጭው ጋር በአጭር ሽቦ አንዴ ያነካካዋል፣ ከዚያ ነው የሚሰካው። በአጠገብ ያሉ ሬዲዮዎች በሙሉ መላክ ያቆማሉ፤ ሰማይ ካጉረመረመ ሥራው ያበቃል። አናላይዘሩ በገመድ ላይ እያለ የሬዲዮውን የመላኪያ ቁልፍ የሚጫን ሰው ካለ ለሌላ መሣሪያ ገንዘብ ያዘጋጅ።

የ40 ሜትር ባንዱን ዳይፖል (መሃሉ ላይ የሚመገብ፣ ሁለት ጎን ያለው የሽቦ አንቴና) ያስተካከለበት መንገድ ለጀማሪ ይጠቅማል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) ክልል 1 ባንዱ ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ስለሆነ መሃሉ 7.1 ነው። ለዳይፖል የተለመደውን ቁጥር፣ 143ን፣ ለ7.1 ስናካፍል 20.1 ሜትር፣ በየጎኑ 10.05 ይወጣል። እሱ ግን ሽቦው በየጎኑ 10.30 ሆኖ እንዲሰቀል አደረገ፤ ሽቦ ማሳጠር ከማስረዘም ይቀላልና። ከላይ ወጥቶ ሲለካ የኤስ ደብልዩ አሩ ዝቅተኛው ነጥብ 6.93 ላይ ሆነ። ያለውን ርዝመት በተነበበው ፍሪኩዌንሲ አባዝቶ በተፈለገው ማካፈል ነው፦ 10.30 ሲባዛ በ6.93፣ ሲካፈል ለ7.10፣ 10.05 ሜትር። በየጎኑ 25 ሳንቲሜትር ትርፍ አለ። በፒንሳ ወዲያው አይቆርጥም። መጀመሪያ 15 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አጥፎ በራሱ ሽቦ ላይ አጥብቆ ይጠመዝዘዋል፣ ወደ ነበረበት ከፍታ ያወጣዋል፣ ደግሞ ይለካል። መሬት ላይ ወይም በሰው ቁመት የተለካ ዳይፖል ሲሰቀል ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ገመዱን አሥር ጊዜ የሚያወጣና የሚያወርደው። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከባዶው ሽቦ ጥቂት በመቶ አጥሮ እንደሚጨርስም አትርሱ።

በሚፈትሽበት ጊዜ ስፋቱን ከ1 እስከ 30 ሜጋኸርዝ አድርጎ ብቻ አያበቃም። የመጀመሪያዎቹ ናኖ ቪኤንኤዎች በአንድ ጥረጋ (ስፋቱን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ሲያልፉ) 101 ነጥብ ነው የሚለኩት፤ 29 ሜጋኸርዝ በ100 ሲከፈል በነጥብና በነጥብ መካከል 290 ኪሎኸርዝ ክፍተት ይኖራል። ጠባብ የሆነ የማግኔቲክ ሉፕ (የቀለበት) አንቴና ጎድጓዳ፣ ማለትም ኤስ ደብልዩ አሩ የሚወርድበት ቦታ፣ በዚህ ክፍተት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፣ «አንቴናው ሞቷል» ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፊውን፣ ቀጥሎ ከ6.5 እስከ 7.7 ያለውን ጠባቡን ማየት ነው፤ ያን ጊዜ ክፍተቱ 12 ኪሎኸርዝ ይሆናል። በስፋት መጥረጊያ የሌላቸው፣ ሪአክታንስን ያለ ፕላስና ማይነስ የሚያሳዩ የቆዩ መሣሪያዎች ያላችሁ ደግሞ ፍሪኩዌንሲውን ትንሽ ከፍ አድርጉ፤ ሪአክታንሱ ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ ኢንደክቲቭ ነው፣ ዳይፖሉ ረዝሟል። ከቀነሰ አጥሯል። እነዚህ መሣሪያዎች በቅርብ ያለ ኃይለኛ የስርጭት ጣቢያ ይረብሻቸዋል፤ ቁጥሩ በራሱ የሚዋዥቅ ከሆነ አንቴናውን አትውቀሱ።

አንድ ሙከራው በጣም ቀላል፣ ግን ብዙዎች የማያደርጉት ነው። እየለካ ኬብሉን በእጁ ይጨብጣል፣ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ቁጥሩ ከተለወጠ የኬብሉ የውጭ ገጽ ራሱ አንቴና ሆኗል ማለት ነው፤ የተለካውም ዳይፖሉና ኬብሉ ተደምረው ነው። በእኛ ላይ ይህ ታየ። መፍትሔው ኬብሉን ዳይፖሉ ከሚመገብበት ቦታ አጠገብ በፌራይት ቀለበት ላይ መጠምጠም ነበር፦ የውጭ ስፋቱ 61 ሚሊሜትር የሆነ፣ ዓይነቱ 31 የተባለ ቀለበት፣ 12 ዙር አርጂ 58። ከዚያ በኋላ ኬብሉ ቢጨበጥም ቁጥሩ አልተነቃነቀም። በነገራችን ላይ አናላይዘሩ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ወይም ከግድግዳ ሶኬት ጋር ተያይዞ ከሆነ ተመሳሳይ ውሸት ይናገራል፤ በባትሪው ብቻ ይሥራ።

አሁን ክርክር ወዳስነሳው ነገር። ቀጥ ብሎ የቆመው የሩብ ሞገድ አንቴና 1.1 ነበር። መሬት ላይ የተዘረጉትን ሽቦዎች ከ16 ወደ 32 ሲያሳድግ ኤስ ደብልዩ አሩ ወደ 1.25 ወጣ። ከመካከላችን «አበላሸው!» ያሉ ነበሩ። እሱ ሬዚስታንሱን አሳየ፦ 46 ኦም የነበረው 40 ሆኗል። በጥሩ መሬት ላይ የቆመ እንዲህ ያለ አንቴና 36 ኦም ገደማ ነው የሚኖረው፤ ከዚያ በላይ ያለው አፈር የሚያሞቀው ኃይል ነው። 36 ለ46 ሲካፈል 78 በመቶ፣ 36 ለ40 ሲካፈል 90 በመቶ። ቁጥሩ «ተበላሸ»፣ አንቴናው ተሻለ። ይህ አንቴና ያለ ምንም ማዛመጃ ልክ 1.0 ካነበበላችሁ ደስ ከመሰኘት በፊት መሬቱን ጠርጥሩ።

መሣሪያው የማይችለውንም አልደበቀም። እንደ ናኖ ቪኤንኤ ያለ አናላይዘር የሚልከው ኃይል ከአንድ ሚሊዋት ያነሰ ነው፤ በ100 ዋት የሚሞቅ ፌራይት ወይም የሚያቃጥል ካፓሲተር በእሱ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሲጨርስ ሬዲዮውን በ10 ዋት አስጀምሮ፣ ጥቂት ደቂቃ አስልኮ፣ መላኩን አስቁሞ ቀለበቱን በእጁ ይዳስሳል። ሳይሞቅ ከቀረ ኃይሉን ይጨምራል። መጋጠሚያዎቹን መጀመሪያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ፣ ከላዩ ላይ በኤሌክትሪክ ናስትሮ አሽጎ፣ ኬብሉ ከመጋጠሚያው በታች ዝናብ የሚንጠባጠብበት ጎንበስ ያለ ቀለበት እንዲኖረው አድርጎ ነው የወረደው።

ባለሙያ ስትቀጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካሊብሬሽኑን የት ላይ ታደርጋለህ? የኬብሉን ኪሳራ ትለካለህ? ከኤስ ደብልዩ አር ሌላ ምን ጽፈህ ትሰጠናለህ? ሦስተኛው ላይ የሚያቅማማ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እሱ ከመምጣቱ በፊትም የኬብሉን ዓይነትና ርዝመት በወረቀት፣ ለየኮኔክተሩ የሚሆኑ አዳፕተሮችን በሳጥን አዘጋጁለት፤ ከሰዓቱ ግማሹ የሚጠፋው አዳፕተር ፍለጋ ላይ ነው።

ለእኛ ለእያንዳንዱ አንቴና አንድ ገጽ ሰጥቶናል፦ ቀኑ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ የኬብሉ ርዝመትና ኪሳራ፣ ዝቅተኛው ነጥብ፣ እዚያ ላይ ሬዚስታንሱና ሪአክታንሱ፣ በባንዱ ሁለት ጠርዞች ያለው ኤስ ደብልዩ አር፤ ከእሱ ጋር ሙሉው ልኬት በኮምፒውተር በሚከፈት ኤስ1ፒ ፋይል። ከከባድ ዝናብ በኋላ እንደገና ለክተን ዝቅተኛው ነጥብ ከወረደ ወይም ኪሳራው ከጨመረ የት መፈለግ እንዳለብን ከወረቀቱ እናውቃለን።

ወንድማችን፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። 6ና 0ን የምትጽፍበት መንገድ ብቻ ካሊብሬሽን ይፈልጋል።