የበቆልት ጠርሙስ፦ ክዳኑ፣ ዘሩና የልጆች ሳህን

የበቆልት ጠርሙስ የሚባለው ጥራጥሬ የሚጎነቆልበት ዕቃ ሦስት ነገር ነው፦ አንድ ሊትር የሚይዝ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ወንፊት ያለው ክዳን እና ጠርሙሱን አዘንብሎ የሚይዝ ማቆሚያ። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ቤታቸውን ቀስ በቀስ ወደ ኦርጋኒክ ምግብ ለማዞር ላሰቡ ወላጆች ከብዙ ውድ የወጥ ቤት መሣሪያ ይህን እናስቀድማለን። አስቤዛውን ሁሉ ባንዴ መቀየር አያስፈልግም፤ ከአንድ ኪሎ ኦርጋኒክ ምስር 20 ዙር በቆልት ይወጣል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለን፦ በቆልቱ ሳይበስል ለልጅ አይሰጥም።

ይህን ማስታወቂያዎቹ ብዙ ጊዜ አያነሱትም። በቆልት የሚወደውን ሙቀትና እርጥበት ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎችም ይወዱታል። ባክቴሪያው ከዘሩ ጋር ከመጣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይራባል፤ ማለቅለቅ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ጀርመን በተነሳው የኢ ኮላይ ወረርሽኝ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል። ምንጩ ሲጣራ የተደረሰው የአብሽ በቆልት ላይ ነው፤ ያመረተውም ኦርጋኒክ እርሻ ነበር። ኦርጋኒክ የሚለው ምልክት ዘሩ በምን ማዳበሪያ እንዳደገና ምን ተባይ ማጥፊያ እንዳልተረጨበት ይናገራል እንጂ ከባክቴሪያ ነፃ ነው አይልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን እና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬ በቆልት እንዳይበሉ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ይህ ከታወቀ የትኛውን ክዳን መግዛት እንደሚሻል ራሱ ይለያል። አልፋልፋን የመሰሉ ደቃቅ ዘሮች በጣም ጠቅጠቅ ያለ ወንፊት ይፈልጋሉ፤ የእነሱ በቆልት ግን በአብዛኛው የሚበላው በጥሬው ነው፣ ሲበስልም ሟሙቶ ምንም አይቀረውም። ልጆች ላሉበት ቤት የሚሆነው የምስር፣ የማሾና የሽንብራ በቆልት ስለሆነ መካከለኛ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ይበቃል፤ ይሻላልም። የጠቅጣቃው ወንፊት ቀዳዳ በገለፈት ቶሎ ይደፈናል፣ ውሃው አይወርድም፣ በቆልቱ ይበሰብሳል። ቀለበቱና ወንፊቱ የሚለያዩበትን ክዳን ይምረጡ፤ ቆሻሻ የሚከማቸው በሁለቱ መጋጠሚያ ነው። በወንፊቱ ጠርዝ ላይ ጣትዎን ያዙሩ። የሽቦው ጫፍ የሚወጋ ከሆነ በደንብ አልታጠፈም ማለት ነው፤ ርካሽ ክዳን ሲዝግም የሚጀምረው ከዚሁ ጠርዝ ነው። ማቆሚያው ጠርሙሱን ወደ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ይሁን። ቀጥ ብሎ በአፉ የሚደፋ ከሆነ ዘሩ ክዳኑ ላይ ተከምሮ አየሩን ይዘጋዋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። 50 ግራም ያህል፣ ማለትም ሩብ ኩባያ ምስር ይልቀሙ፤ የተሰበረውን ያውጡ፣ አይበቅልም፣ ቀድሞ የሚሸተውም እሱ ነው። አጥበው በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ውሃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉ። ውሃውን በክዳኑ አጥልለው በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁ፤ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርገው በማቆሚያው ላይ ያሳርፉት። ከዚያ ጠዋትና ማታ ማለቅለቅ ነው። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ክፍል፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ምስር በሁለተኛው ቀን ጫፍ ያወጣል፤ በሦስተኛው ይደርሳል። ቤቱ ከዚያ በላይ የሚሞቅ ከሆነ በቀን ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። ሽንብራ ሙሉ ሌሊት መዘፍዘፍ አለበት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ይጨምራል።

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ዘር ከማብዛት ነው። ጠርሙሱ ሰፊ መስሎ ስለሚታይ ሰው 150 ግራም ይጨምርበታል፤ በሦስተኛው ቀን መሃሉ ይታፈናል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል። የሚሸት፣ የሚያሙለጨልጭ ወይም ቡናማ ውሃ የሚያወጣ በቆልት አጥቦ ማዳን የለም፤ ይጣል። በሥሩ ዙሪያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሲታይ ግን አትደንግጡ። የሥር ፀጉር ከሆነ ከሥሩ ብቻ ይወጣል፣ ውሃ ሲነካውም ተጣብቆ አይታይም። ሻጋታ ግን ዘሩንና ገለፈቱን እንደ ሸረሪት ድር ያያይዛል፤ ጠረንም አለው። ጨርሶ የማይበቅል ከሆነ ጥፋቱ የጠርሙሱ አይደለም፤ ዘሩ አርጅቷል ወይም ተከክቷል። ብዙ ከመግዛት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማየት ይበጃል፤ 18 ያህሉ ካጎነቆለ ጥሩ ዘር ነው።

ለእርሻ ተብሎ የሚሸጥ ዘር በፍጹም አይግዙ። ብዙው በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባበት ለዚህ ነው። ለምግብ የተዘጋጀ፣ ያልተከካ፣ ኦርጋኒክ ማረጋገጫ ያለው ይግዙ። ቦሎቄ ለዚህ ጠርሙስ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን በማጎንቆል አይጠፋም፣ ጥሬው ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል።

ማብሰሉ አጭር ነው። የምስር በቆልት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ የሽንብራው እስኪለሰልስ ድረስ። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሽንብራው ደቅቆ ይሰጥ፤ ድቡልቡል ፍሬ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከምግብነቱ የሚጠበቀውን አለማጋነን ጥሩ ነው። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ በቆልቱ 9 ገደማ። ይህም ፕሮቲኑ ጠፍቶ ሳይሆን በቆልቱ ውሃ ስለጠጣ ነው። በ100 ግራም በቆልት 16 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ይገኛል፣ ሲቀቀል ግን ከፊሉ ይሄዳል። የሚቀረው ጥቅም ትልቅ ነው፦ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድ ይቀንሳል፤ ሆድ የሚነፋው የጥራጥሬ ስኳርም ይቀንሳል። ጥራጥሬ ሆዱን የሚነፋው ልጅ ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

የደረሰውን በቆልት እርጥብ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አይክተቱት፤ ከመጨረሻው መለቅለቅ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይንጠፍጠፍ፣ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ይቀመጥ፣ በ3 ቀን ውስጥ ይብሰል። ጠርሙሱ በየዙሩ በሳሙና ታጥቦ፣ ወንፊቱ በጥርስ ብሩሽ ተፈግፍጎ ለጥቂት ደቂቃ መፍላት አለበት። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ካፈሰሱ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ በሞቀ ውሃ ያላምዱት። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ካለ ሙሉውን ስብስብ አይግዙ። ልኩ ለጠርሙሱ አፍ የሚገጥም ክዳን ለብቻው ይሸጣል፤ ማቆሚያውንም ጥልቅ ሳህን ይተካዋል።