የባሕር ዛፍ ዘመድ ላይ 53 ሜትር ወጣሁ

ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕር ዛፍ ምን ይደንቀዋል? የምጣዱ ማገዶ እሱ፣ አጥሩ እሱ፣ ፎቅ ሲሠራ ግንበኞቹ የሚቆሙበት መወጣጫ እሱ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ና አንድ ዛፍ ላሳይህ» ብላ ወደ ደቡብ አራት ሰዓት ገደማ ነድታ ፔምበርተን የምትባል ትንሽ ከተማ እስክታደርሰኝ ድረስ።

ዛፉ ግሎስተር ይባላል፤ ብሔራዊ ፓርኩም የሚጠራው በሱ ስም ነው። ዝርያው ካሪ ነው፣ የባሕር ዛፍ ወገን። የኛው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣው ከአውስትራሊያ መሆኑን አውቅ ነበር፣ ዘመዱ እንዲህ ይገዝፋል ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም። ግንዱ ላይ ፌሮ የሚመስሉ 153 ብረቶች ዙሪያውን እየተጠማዘዙ ተሰክተዋል። የሚወጣው በነሱ ነው። ማማው 53 ሜትር ላይ ነው፤ አሥራ ሰባት ፎቅ ያህል አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሠራ ለመዝናኛ አልነበረም፤ ጠባቂ እዚያ ተቀምጦ የሰደድ እሳት ጭስ እንዲያይ ነበር።

ገመድ የለም። ቀበቶ የለም። በብረቶቹ መሃል ቁልቁል መሬቱ ይታያል፣ ከላይ የሚወርድ ሰው ከመጣም እዚያው ተጠጋግቶ መተላለፍ ነው። ግማሽ ላይ እጄን አላበኝ። ቆምኩ፣ ተነፈስኩ፣ ቀጠልኩ። ጫፉ ላይ ስደርስ ጫካው ሁሉ ከእግሬ ሥር ነበር፣ ነፋሱ ይዞት የመጣው የቅጠል ሽታ ደግሞ እንጦጦን አስታወሰኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የስሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። የግሎስተር መስፍን የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሳለ ማማው ሲሠራ መጥቶ ስላየ ነው ዛፉ በሱ የተሰየመው። ይኸው ሰው በ1923 ዓ.ም. የእንግሊዙን ንጉሥ ወክሎ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ዘውዱ የተጫነው አራዳ ጊዮርጊስ፣ ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ!

ፐርዝ ዘመድ ያላችሁ ሂዱ። መግቢያው በሰው ሳይሆን በመኪና ነው የሚከፈለው። የማይንሸራተት ጫማ አድርጉ፤ ከፍታ የማይስማማው ሰው ታች ባለው የእግር መንገድ ጫካውን መዞር ይችላል። ዛፉ ለጥገናም ለአየር ጠባይም ስለሚዘጋ ያን ሁሉ መንገድ ከመንዳታችሁ በፊት መውጣት የሚፈቀድ መሆኑን አጣሩ።