የሶፍትዌር ሬይድ ላዘጋጀችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሐዋሳ ስቱዲዮዎች ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ በፎቶና በቪዲዮ ሥራ ለምትተዳደሩ ሁሉ፦

የስቱዲዮአችንን የቪዲዮ ማከማቻ በሶፍትዌር ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን በፕሮግራም አጣምሮ እንደ አንድ በሚያሠራና አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ በሚያደርግ ዘዴ) ያደራጀችልንን፣ እስከ ዛሬም የምትከታተልልንን እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስሟ በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠራሁትም።

እኛ አስቀድመን ያሰብነው ይህንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም የሬይድ ካርድ ለመግዛት ነበር። እሷ ግን ካርዱ የተበላሸ ቀን ተመሳሳዩን ካላገኘን ዲስኮቹ ደህና ሆነው ሳለ በውስጣቸው ያለውን መክፈት ሊያቅተን እንደሚችል፣ በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው) ሶፍትዌር ሬይድ ግን የአደረጃጀቱ መረጃ በየዲስኩ ላይ ስለሚጻፍ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እንኳ ዲስኮቹን ነቅለን ሊኑክስ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልናስነሳቸው እንደምንችል በትዕግሥት አስረዳችን። ካርዱ ቀርቶ ሥራው በነበረን አሮጌ ኮምፒውተር ተጀመረ።

ባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች ገዛን። የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለመጠባበቂያ በሚይዘው ሬይድ 5 ቢደራጁ 12 ቴራባይት፣ የሁለት ዲስክ ያህል በሚይዘው ሬይድ 6 ቢደራጁ ደግሞ 8 ቴራባይት ቦታ ይሰጣሉ፤ እኔም ቦታው አሳስቶኝ ወደ 12ቱ አዘንብዬ ነበር። እሷ ያቀረበችው ምክንያት ግን አሳማኝ ነበር፦ አንድ ዲስክ ሲሞት ምትኩን ለመሙላት የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ ይህም ብዙ ሰዓት የሚወስድ በመሆኑ በዚያው መሐል ሁለተኛ ዲስክ ቢሞት ሬይድ 5 መመለሻ የለውም፣ ሬይድ 6 ግን ሁለት ዲስክ ቢጎድልበትም ሥራውን ይቀጥላል። የሰው ሰርግ ደግሞ ተመልሶ አይቀረጽም። አንድ ላይ የተመረቱ ዲስኮች በተቀራረበ ጊዜ ሊበላሹ ስለሚችሉም አራቱን ከተለያዩ ሱቆች እንድንገዛ አድርጋለች።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ከማስረከቧ በፊት ያደረገችውን ፍተሻ ነው። ቪዲዮ እየታየ ሳለ የአንዱን ዲስክ ኬብል በገዛ እጄ እንድነቅል አደረገችኝ። በስክሪኑ ላይ ተደርድረው ከነበሩት፣ እያንዳንዳቸው አንድ የሚሠራ ዲስክን ከሚያመለክቱት አራት የ«ዩ» (U) ፊደላት አንዱ ጠፍቶ በቦታው ሰረዝ ተተካ፤ ቪዲዮው ግን አልተቋረጠም፣ ጥቂት ቆይቶም የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ስልኬ ላይ ገባ። ሲስተሙ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሊቀያየር ስለሚችልና በስሙ ተመርቶ የሚነቅል ሰው ጤነኛውን ሊያወጣ ስለሚችል፣ የእያንዳንዱን ዲስክ የሴሪያል ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች በነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር ጽፋ ፊት ለፊት ለጥፋልናለች።

ይህ ጥንቃቄዋ በጥር፣ ሰርግ በተደራረበበት ሰሞን፣ ጠቀመን። ማስጠንቀቂያው ሌሊት ደረሰ፤ ስደውልላትም ምንም ነገር እንዳንነካ ነግራን ጠዋት መጣች። የሴሪያል ቁጥሩን አመሳክራ የሞተውን አውጥታ አዲሱን ካስገባች በኋላ ኤዲቲንጉ እንዳይንቀራፈፍ የመሙላቱን ፍጥነት ለቀኑ ቀነሰችው፣ ማታ ላይ መልሳ ጨመረችው። በማግስቱ አራቱም «ዩ» ተመልሰው ታዩ፤ አንድም ደንበኛ ቪዲዮው አልዘገየበትም።

ሬይድ ባክአፕ (ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ) እንዳልሆነም ደጋግማ ታሳስበናለች፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ስርቆትና እሳትም ዲስክ አይመርጡም። ስለዚህ በየሳምንቱ በኤክስተርናል ዲስክ ተገልብጦ ከስቱዲዮው ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ እንዲኖረን፣ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ባትሪው ሳያልቅ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲያጠፋው አድርጋለች።

እህታችን፣ ስለ ድካምሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንዳንድ ጊዜ ሥራ ስለሚደራረብባት ቀጠሮዋ ሊርቅ ይችላልና፣ የምትፈልጓት ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ሳይደርስ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።