ለሶማሌ ተራው የቮልስ ዕቃ ነጋዴ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

አሮጌ ቮልስ ለማደስ ላይ ታች የምትሉ ሰዎች እንድትጠቀሙበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተዋለልኝን ውለታ በዝምታ ማለፍ ስለከበደኝ ይህን እጽፋለሁ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ የቮልስ መለዋወጫ ብቻ የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ነገር ግን ሰፈሩ ገብታችሁ «የቮልስ ዕቃ የሚሸጡት ሽማግሌ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሱቃቸውን የማያሳያችሁ ሰው የለም። የአባቴ መኪና ዛሬ ተነሥታ የምትሄደው ከእግዚአብሔር በታች በእሳቸው ምክንያት ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪት የሆነች ቮልስ 1300 (ቮልስዋገን ቢትል) ናት። አስተማሪ የነበረው አባቴ ያገለገለች ሆና በ1966 ዓ.ም. ገዛት። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት የተመላለስነው፣ እናቴም ልትወልደን ሆስፒታል የሄደችው በእርሷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ቆመች። እናቴ በሕይወት ሳለች መኪናዋ እንደገና ስትነሣ እንድታይልኝ ስለፈለግሁ ነው እድሳቱን የጀመርኩት።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ብዘረዝረው አያልቅም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ በዋጋው ማንንም አልወቅስም። ያንገበገበኝ ውሸቱ ነው። አንድ ጋራዥ መኪናዋን ተቀብሎ «ዕቃ ጠፋ» እያለ ለወራት ካቆማት በኋላ ሲመልስልኝ፣ ደህናው ካርቡሬተር ወጥቶ በምትኩ ያለቀለት ተገጥሞ አገኘሁት። ስጠይቃቸው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሲመጣም እንዲሁ ነበር አሉኝ። ሌላ ሱቅ ደግሞ «የጀርመን ኦርጅናል ነው» ብሎ በአዲስ ካርቶን የሸጠልኝ ኮይል (ለሻማዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) መኪናዋ ገና ከመነሣቷ ግሎ ተቃጠለ። ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሻጩ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ፤ ሴት ስለሆንኩ ምንም አይገባትም ብሎ እንደናቀኝም ከአነጋገሩ ያስታውቅ ነበር። የዚያን ዕለት መኪናዋን በኪሎ አስመዝኜ ለቆራሌው ልሸጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወደ እኚህ አባት የመሩኝ ለብዙ ዘመን ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ከላይ እስከ ታች ፓራፋንጎ፣ ቸርኬና የመብራት ክፈፍ ተሰቅሏል። የተቃጠለውን ኮይል ስሰጣቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው ጠርገው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉትና «ልጄ፣ ይሄ የ6 ቮልት ነው፤ ያንቺ መኪና ደግሞ የ12 ቮልት ናት፤ እንዴት አይቃጠል?» አሉኝ። ቀደም ባሉት ዓመታት የወጡት ቮልሶች በአብዛኛው በ6 ቮልት ይሠሩ እንደነበር፣ የእኔዋ ግን ከለውጡ በኋላ የተሠራች መሆኗን አስረዱኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ መኪናዋን ሲነካካ ይህንን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የእሳቸው ትልቁ ሙያ ግን የቱ ዕቃ በርካሽ ሊተካ እንደሚችል፣ የቱ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይቻል ለይተው ማወቃቸው ነው። ጀርመን ጣሪያዋ የማይታጠፈውን የተለመደችውን ቮልስ መሥራት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ቢሆንም፣ ብራዚል እስከ 1986፣ ከዚያም ከ1993 እስከ 1996፣ ሜክሲኮ ደግሞ እስከ 2003 ድረስ ሲሠሩ ስለኖሩ፣ ብዙው የሞተር ዕቃ ከእነዚያ አገሮች የመጣውም ይገጥማል አሉኝ። ለእኔም ከብራዚል የመጣ ፒስተንና ሲሊንደር አገኙልኝ፤ ዋጋው ሌላ ቦታ ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ነበር። ማንም እንዳያታልለኝ ብለው በካርቶን ቁራጭ ላይ «77 ሚሊ ሜትር» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ቁጥሩ የሲሊንደሩ ስፋት መሆኑን ነግረውኛል፤ ከዚያ ያለፈውን ለሜካኒኩ ትቼዋለሁ። የበሩን ጎሚኒ በሜትር ከሚሸጠው ቆርጠው፣ የጎን መስታወቱን ከአሮጌ መኪና ከተፈታው መርጠው ሰጡኝ።

ወደ ፍሬኑ ስንደርስ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያገለገለ የፍሬን ማስተር መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጦ እያየሁት «ይሄ ለጌጥ መኪና ነው፤ አንቺ እናትሽን ይዘሽ ልትሄጂ ነው፤ አልሸጥልሽም» ብለው እንቢ አሉኝ። አዲሱ እሳቸው ዘንድ ስላልነበረ፣ አጋዣቸውን ወደ ሌላ ነጋዴ ሱቅ ልከው በነጋዴው ዋጋ አስመጡልኝ፤ ለራሳቸው አንድም ብር አልጨመሩበትም። ገንዘብ እጃቸው ሊገባ ሲል እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ስንት አለ?

እስከ ዛሬ ሳስበው እንባዬ የሚመጣው ግን በሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሱቃቸውን ለአጋዣቸው ትተው መኪናዋ ወዳለችበት ጋራዥ በእግራቸው መጡ። የኋላውን ክዳን ከፍተው ከሁሉ አስቀድመው የዳሰሱት የቤንዚኑን ጎማ ነበር። በሁለት ጣታቸው ጠምዘዝ ሲያደርጉት እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ያረጀ ጎማ ተሰንጥቆ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ካፈሰሰ እሳት እንደሚነሣ፣ በዚህ ምክንያትም የተቃጠሉ መኪናዎች እንዳሉ እየነገሩኝ፣ ከኪሳቸው አዲስ ጎማ አውጥተው በልኩ ቆረጡና ሁለቱንም ጫፍ በማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁት። ሜካኒኩም እኔም ዝም ብለን እናያቸው ነበር። ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዝ አድርገው «ተይው ልጄ፣ ይሄ ስለ አባትሽ ነው» አሉኝ። አባቴን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም።

እናቴ አሁን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በዚያችው መኪና ነው፤ እኚህን አባትም በስም ጠርታ ሳትመርቃቸው አትወርድም።

ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን የትም ከመበተናችሁ በፊት እባካችሁ መጀመሪያ እሳቸውን አማክሩ። በውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ያለ የቤተሰብ መኪና ለማሳደስ የምታስቡም፣ ዘመድ ልካችሁ አስጠይቋቸው፤ ከዚያ ሊገዛ የሚገባውን እዚህ ከሚገኘው ለይተው ይነግሯችኋል። የተበላሸውን ዕቃ ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳያዩና ሳይለኩ አይሸጡም። የመኪናዋን የስሪት ዘመን የሚያሳየውን ሊብሬም አትርሱ። ከሰዓት በኋላ ሱቋ ስለምትጨናነቅ ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል። ዕቃውን ካላገኙላችሁም የለኝም ይሏችኋል እንጂ የማይሆን ነገር አያሸክሟችሁም።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ።