አልጌ የወረረውን አኳሪየም ለማደስ ምን ይገዛ? የማጣሪያ፣ የመብራት፣ የአልጌ በል እንስሳትና የኬሚካል ንጽጽር

መስታወቱ አረንጓዴ የለበሰ፣ ጠጠሩም ቡናማ ትቢያ የተነሰነሰበት የሚመስል አኳሪየም ያለው ሰው መፍትሔ ፍለጋ ወደ ሱቅ ሲሄድ በአብዛኛው አራት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ የተሻለ ማጣሪያ፣ አዲስ መብራት፣ አልጌ የሚበላ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ፣ እንዲሁም በጠርሙስ የታሸገ ፀረ አልጌ ኬሚካል። ሁሉም «አልጌ ያጠፋል» እየተባሉ ይሸጡ እንጂ የሚሠሩበት መንገድ፣ የሚጠይቁት እንክብካቤና የሚያስከትሉት ጉዳት እጅግ ይለያያል። ይህ ንጽጽር ከ60 እስከ 120 ሊትር የሚይዝ፣ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ያለው አኳሪየም በአዲስ አበባ ቤቱ ያስቀመጠና ገንዘቡን የት ቢያውል እንደሚሻለው የሚያመዛዝን ገዢን ታሳቢ ያደረገ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ፦ ርካሹ የመብራት ታይመርና ተራው የስፖንጅ ማጣሪያ ከውዱ ጠርሙስ ይበልጣሉ።

አልጌ፣ በትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚባለው፣ እንዲንሰራፋ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ብርሃንና ምግብ ናቸው። ምግቡ የሚመጣው ከዓሣው እዳሪና ሳይበላ ከቀረው መኖ ነው፤ ከእነዚህ የሚወጣውን አሞኒያ በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱም ዓሣውን ቶሎ ባይጎዳ እንኳ ውኃው ካልተቀየረ እየተጠራቀመ አልጌውን ይቀልበዋል። ይሁንና አልጌ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአዲስ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው፣ በጣት ሲነካ የሚለቀው ቡናማ ሽፋን ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ምንም ሊገዛለት አይገባም። ውኃውን ራሱን አተር ክክ የተቀቀለበት የሚያስመስለው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ አልጌ ነው፤ በመስታወት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚጠነክረውና በቅጠል ጫፍ እንደ ጥቁር ጢም የሚበቅለው ደግሞ ሌሎች ናቸው። እንደ ንፍጥ ተንሸራታች ሆኖ መጥፎ ሽታ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ሽፋን በትክክል ከተነገረ ባክቴሪያ እንጂ አልጌ ስላልሆነ አልጌ በል ዓሣ አይነካውም።

ከግዢው በፊት ስለ እድሳቱ አንድ ነገር መነሣት አለበት። ብዙ ሰው ገንዳውን ባዶ አድርጎ፣ ጠጠሩን በበረኪና አጥቦ፣ ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ አለቅልቆ ሁሉንም እንደ አዲስ መጀመር ይቀናዋል። ውጤቱ ለአንድ ሳምንት ያምራል፤ ነገር ግን ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች አብረው ስለሚታጠቡ አሞኒያው ከፍ ይላል፣ ዓሣዎቹ ይታመማሉ፣ አልጌውም ተመልሶ ይመጣል። በአንጻሩ በየሳምንቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ውኃ መቀየር፣ ጠጠሩን ቆሻሻውን ከውኃው ጋር በሚስበው ቱቦ፣ በሲፎን፣ በየተራ መምጠጥ፣ ስፖንጁንም ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ መጭመቅ አንድ ወር ይፈጅ እንጂ ዓሣውን አያናጋም። በተለይ ለወራት ውኃው ሳይቀየር የቆየ ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ ከተበላሸው ውኃ ጋር ስለተለማመደ፣ ውኃው በአንድ ቀን በሙሉ ቢቀየርለት ድንገተኛው ለውጥ ሊገድለው ይችላል።

ወደ ማጣሪያው እንምጣ፤ የገዢው ትልቁ ወጪም ትልቁ ስሕተትም የሚገኘው እዚህ ነው። ለማወዳደር የሚበቁት ሦስት ናቸው፦ በአየር ፓምፕ የሚሠራው ስፖንጅ፣ በገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠለው ማጣሪያ፣ እና ከካቢኔው ሥር ተቀምጦ በሁለት ቱቦ የሚገናኘው ዝግ ካኒስተር። መብራት በማይጠፋበት አገር ቢሆን ካኒስተሩን ያለ ማመንታት እመርጥ ነበር፤ የሚይዘው የማጣሪያ ዕቃ ብዙ ነው፣ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ ቶሎ ቶሎም አይታጠብም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ለሰዓታት ሲቋረጥ በዝጉ ጣሳ ውስጥ የታፈኑት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ጨርሰው መሞት ይጀምራሉ፤ መብራት ሲመለስም ያ የታፈነ ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ዓሣዎቹ ይገፋል። ስለዚህ ካኒስተር የገዛ ሰው ከረጅም መቋረጥ በኋላ ማጣሪያውን ከማስነሣቱ በፊት ከፍቶ ማለቅለቅ ይኖርበታል፤ ሰውየው ሥራ ቦታ ሳለ መብራቱ ከመጣ ግን ይህን የሚያደርግለት የለም። ተንጠልጣዩ በመካከል ያለ ነው፤ ለመታጠብ ቀላል ቢሆንም የገንዳው ውኃ ዝቅ ብሎ ከሆነ ከመብራት መቋረጥ በኋላ ውኃ መሳብ አቅቶት በደረቁ ሊጮኽ ይችላል፣ ይህም ሞተሩን ይጎዳል።

ስፖንጁ መልኩ አያምርም፤ ከገንዳው ውስጥ ቦታ ይወስዳል፣ አረፋውም ይንጫጫል። ነገር ግን ከገንዳው ውኃ መካከል ስለሚቀመጥ ቢቆምም ታፍኖ አይበሰብስም፤ የአየር ፓምፑ የሚፈጀው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ በዩኤስቢ የሚሠራውን ዓይነት ከስልክ ፓወር ባንክ ጋር አገናኝቶ ሌሊቱን ማሳደር ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በእኩል ሙቀት ላይ በውኃ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር እዚህ በቅናሽ መወሰድ ያለበት፣ የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ አረፋም ከጌጥ በላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ካኒስተሩን ቀድሞ የገዛ ሰው መጣል የለበትም፤ አንድ ትንሽ ስፖንጅ ይጨምርበት።

ስለ መብራት የሚገዛው ዋናው ዕቃ አምፖሉ ሳይሆን ታይመሩ ነው። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብርሃን ለዓሣውም ለአብዛኞቹ ቀላል ተክሎችም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚበራው ለአልጌው ነው። በአገራችን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ገንዳ ምንም ዓይነት ዕቃ ቢገዛለት አይነጻም፤ ማዛወር ወይም ወፍራም መጋረጃ ማድረግ ይቀድማል። ታይመር ሲገዛ ደግሞ የሚሽከረከረው ሜካኒካል ዓይነት ርካሽና የማያስቸግር ቢሆንም መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ አብሮ ስለሚቆም በሳምንት ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊጠፋ የተሞላው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያጠፋ ይገኛል። ውስጡ ባትሪ ያለው ዲጂታል በዋጋ ከፍ ቢልም ሰዓቱን አይስትም። እኔ የራሴን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዲበራ ሞልቼዋለሁ፤ ከሥራ ስመለስ የማየው ገንዳ እንጂ እኔ በሌለሁበት የሚያበራ ገንዳ አያስፈልገኝም።

አልጌ በል እንስሳትን በተመለከተ ገዢው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» የሚለው ነው። ተራው ፕሌኮ በሱቅ ሲታይ እንደ ጣት ቢሆንም ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፣ የሚጥለው እዳሪም ከሚበላው አልጌ የባሰ ችግር ይሆናል። አፍንጫው ጢማም የሆነው አንሲስትረስ የተባለው ዘመዱ ግን ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚቆም ለ100 ሊትር ገንዳ የሚመች እርሱ ነው፤ ሆኖም በውኃ የራሰ እንጨትና በየጊዜው የኪያር ወይም የተቀቀለ ዝኩኒ ቁራጭ ይፈልጋል። ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ በመስታወት ላይ የጠነከረውን ነጠብጣብ ከሁሉ በተሻለ ይፍቃል፤ እንቁላሉ በጨዋማ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ስለማይፈለፈል ገንዳውን አይሞላውም፣ ነገር ግን እንጨቱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይተዋል። አማኖ ሽሪምፕ ፀጉር መሳዩን አልጌ ጥሩ አድርጎ ይበላል፣ ከወርቅ ዓሣ ጋር ከተቀመጠ ግን ራሱ ምግብ ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከ22 ዲግሪ በላይ የሆነ ውኃ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ ማሞቂያ የሌለው የወርቅ ዓሣ ገንዳ ያለው ሰው የራሱን እጅና መፋቂያ ቢጠቀም ይሻለዋል። በእግረ መንገድ፣ ከሐይቅ የመጣች የቆሮሶ ጫጩት አልጌ ትበላለች ብሎ ማስገባት የሚታሰብ አይደለም፤ ትበላለች፣ ግን ታድጋለች።

ጠርሙሱን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት ውኃዬ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሲሆንብኝ አንድ ሻጭ የሰጠኝን ፀረ አልጌ ጨመርሁበት፤ በሁለተኛው ቀን ውኃው ጠራ፣ በሦስተኛው ቀን ንጋት ግን ዓሣዎቹ ሁሉ ከውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው። በአንድ ጊዜ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ቀድሞም ጥቂት የነበረውን ኦክስጅን ጨርሶት ነበር። ከዚህ በላይ መዳብ ያለበት ፀረ አልጌ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ስለሚገድል ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። አልትራቫዮሌት መብራት ያለው ማጽጃ ከኬሚካሉ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የሚገድለው በውስጡ የሚያልፈውን ተንሳፋፊ አልጌ ብቻ ስለሆነ መስታወቱ ላይ ለተጣበቀው ገንዘብ ማባከን ነው። ለአረንጓዴ ውኃ ምንም የማያስወጣ ሌላ ዘዴም አለ፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ አየሩ እየሠራ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ማጨለም፣ ከዚያም ውኃውን መቀየር።

ትናንሾቹን ዕቃዎች በአጭሩ ልለፍ። ማግኔት ያለው መፋቂያ እጅን አያርስም፣ ግን በመካከሉ ጠጠር ከገባ መስታወቱን ይጭራል፤ ምላጭ ለመስታወት እንጂ ከፕላስቲክ ለሚሠራው የአክሪሊክ ገንዳ አይሆንም። የውኃ መመርመሪያ ወረቀት ፈጣን ነው፣ በጠብታ የሚሠራው ደግሞ ይበልጥ ትክክለኛ ነው፤ አልጌን ለሚከታተል ሰው ናይትሬቱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ ማየት ስለሚበቃው የናይትሬቱን መመርመሪያ ጠብታ ብቻ ቢገዛ ይችላል። የከተማው ቧንቧ ውኃ በክሎሪን የታከመ ነው፤ በተከፈተ ባልዲ ለ24 ሰዓት ያደረ ውኃ ክሎሪኑ ስለሚበን ማክሸፊያ ፈሳሹ ለሚቸኩል ሰው እንጂ ለሁሉም ግዴታ አይደለም፣ ክዳኑ ገጥሞ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ ያደረን ውኃ ግን እንደዚያ አምኖ መጠቀም አይቻልም።

በመጨረሻም አልጌውን ምግብ የሚነጥቁ፣ ቶሎ የሚያድጉ ተክሎች አሉ። ከሥር የሚተከሉት በዝግታ፣ ተንሳፋፊዎቹ ደግሞ በፍጥነት ናይትሬቱን ይመጥጣሉ፤ ተንሳፋፊዎቹ ብርሃኑንም ስለሚጋርዱ በአንድ ወጪ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ በየሳምንቱ ግማሹን እያነሡ መጣል ግን ግድ ነው። አበባው ስላማረ ብቻ እንቦጭን የሚያመጣ ሰው ቢኖር ጣና ሐይቅ ላይ ያደረገውን ማስታወስ ይበቃዋል። የሚነሣውም ተክል በፀሐይ ደርቆ ከቆሻሻ ጋር ይጣል እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጎርፍ መውረጃ አይወርወር።